እሳትና ነዳጅ፦ የአሮጌው ትራክተር ሕማማት ታሪክ

የእርሻ መኪናን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አዘውትረው የሚያወሱት የፋብሪካውን ባለቤት ስም፣ የተሸጠውን መኪና ብዛትና በእርሱ የታረሰውን መሬት ስፋት ነው፤ ዳሩ ግን ትራክተሩ በእርሻው መካከል ድንገት ቀጥ ባለ ጊዜ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ዘሩም ገና በጆንያ ሳለ፣ ባለቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ ከሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ ያካሄደው ምርመራ በመጻሕፍቱ ውስጥ ስፍራ ያገኘው በጥቂቱ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን የዚህ መኪና ታሪክ ከድሉ ይልቅ ከሕማሙ አጥርቶ ይነበባል፤ መሐንዲሶቹ ለአንዱ ደዌ መድኃኒት ባገኙ ቍጥር መድኃኒቱ በተራው ሌላ ደዌ እየወለደ፣ ገበሬውም አዲሱን ደዌ ከነመንሥኤው ለይቶ ለማወቅ እየተገደደ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ከማረሻና ከፈረስ ሌላ የማያውቅ ሰው የኤሌክትሪክና የነዳጅ መርማሪ ለመሆን በቅቷልና። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ በአብዛኛው የተፈጸመው በእነርሱና በአሜሪካውያን አገር ስለሆነ።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ቀላል ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ይነሣ ዘንድ ከሦስት ነገር በቀር ሌላ አይሻም፤ ነዳጅ ከአየር ጋር በልክ ተዋሕዶ ወደ ሲሊንደሩ መግባት፣ ያም ውሑድ በፒስተኑ አማካይነት መታመቅ፣ በታመቀበትም ቅጽበት ካንዴላው እሳት መስጠት አለበት። እመቃው የሚደክመው በዕድሜ ብዛት ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ደኅና ሲሠራ ውሎ ድንገት የቆመ ትራክተር ባለቤት የሚጠይቀው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነበረ፤ የጎደለው እሳት ነው ወይስ ነዳጅ? ይህን ሳይለይ መፍቻ ያነሣ ሰው ደኅናውን አበላሽቶ ሕመምተኛውን ሳይነካ ያመሻል።

አዮዋ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ጆን ፍሮሊክ በ1892 ወደ ፊትም ወደ ኋላም በገዛ ኀይሉ የሚሄድ የቤንዚን የእርሻ መኪና ሠርቶ ባሳየ ጊዜ፣ ከእርሱ በፊት ለነበረው የእንፋሎት መኪና እንጨቱንና ውሃውን ሲያመላልስ ከሚውል ጭፍራ ገበሬውን ገላገለው፤ ነገር ግን የእንፋሎቱ መኪና ያልነበረበትን ሕማም አመጣ። በእንፋሎቱ ምድጃ እሳቱን ማንም በዐይኑ ያየዋል፤ በቤንዚኑ ሞተር ግን እሳቱ በብረት ውስጥ የተሰወረ፣ ለቅጽበት ታይቶ የሚጠፋ ብልጭታ ነው። ይህንም ብልጭታ ከባትሪ ማግኘት በዚያ ዘመን አድካሚ ነበር፤ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ በገጠርም የሚሞላበት ስፍራ የለም። ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በጀርመን አገር ነው። ሮበርት ቦሽ በ1887 በሽቱትጋርት ከተማ ለቋሚ ሞተር የሚሆን ማግኔቶ ሠራ፤ ማግኔቶም ማለት ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አንዱን በሌላው አጠገብ በማሽከርከር ያለ ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። በ1902 ደግሞ የእርሱ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልት ለካንዴላ የሚበቃ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ዐይነት አወጣ። ይህ ጥበብ በጀርመኖች እጅ እንዲህ ጸንቶ ስለ ነበር፣ በ1914 ጦርነት ሲነሣ እንግሊዞች ለአውሮፕላንና ለመኪና የሚሆን ማግኔቶ አጥተው እጅግ ተቸግረው ነበር።

ሕማሙን ወደ ሕዝብ ሁሉ ያደረሰው ግን ፎርድሰን ነው። ሄንሪ ፎርድ በሚሺጋን ግዛት በዲርቦርን ከተማ ይህን ትራክተር በብዛት ማውጣት የጀመረው በጥቅምት 1917 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የተላኩት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑትን መርከቦች እያሰጠሙ ላስራቡአት ለእንግሊዝ አገር ነበር። ሻሲ አልነበረውም፤ ሞተሩ፣ የማርሹ ቤትና የኋላው አክስል እርስ በርሳቸው ተቈላልፈው ራሳቸው አካሉን ይሸከማሉ። ጕልበቱ ወደ 20 ፈረስ ገደማ ነበር። በ1922 መባቻ ዋጋው ከ625 ዶላር ወደ 395 ስለ ወረደ፣ በ1923 ብቻ ከ100,000 በላይ ተሠራ፤ እንዲህም ሆኖ በሕይወቱ ከፈረስ በቀር ያልነዳ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ባለ ሞተር ሆነ።

የፎርድሰን እሳት አመጣጥ ዛሬ ለሚያየው ሰው ዕፁብ ነው። ቮላኖ በተባለው ከባድ መንኰራኩር ላይ ማግኔቶች ታስረዋል፤ እነርሱ ሲዞሩ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ያም ኤሌክትሪክ በየሲሊንደሩ አንድ አንድ ሆነው በተደረደሩ አራት የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ባሉት፣ ቦቢና በተባሉ ኤሌክትሪኩን በሚያበረቱ የሽቦ ጥቅሎች በኩል ያልፋል። በየቦቢናው ራስ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ተራዋ ሲደርስ እየተንቀጠቀጠች ትጮኻለች፤ በጩኸቷም ጊዜ ካንዴላው አንድ ብልጭታ ሳይሆን ተከታታይ ብልጭታ ያገኛል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ገበሬ የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ ጆሮው ነበር። አራቱም ምላሶች በየተራቸው ከጮኹ እሳቱ እስከዚያ ድረስ ደኅና ነው፤ አንዲቱ ዝም ካለች ወይም ድምጿ ከሰለለ ሕመምተኛው ሲሊንደር ታወቀ ማለት ነው። ጥርጣሬ ቢቀር፣ የተጠረጠረውን ሣጥን ከጎረቤቱ ጋር ስፍራ ያለዋውጡታል፤ ሕማሙ ከሣጥኑ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የሣጥኑ ነው፣ በቀድሞው ስፍራ ከቀረ ግን የካንዴላው ወይም የሽቦው። ይህ ሥርዐት በዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት የመመርመሪያ ሥርዐት በምንም አያንስም። እንጨቱ እርጥበት በጠጣ ጊዜ ደግሞ ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቶ በሣጥኑ በኩል ስለሚያመልጥ፣ ሣጥኖቹን ነቅሎ ከምድጃ አጠገብ ማድረቅ የተለመደ ነበር።

ነዳጁ ከዚህ የባሰ ነገር አመጣ። በዚያ ወራት ላምባ ከቤንዚን ይረክስ ስለ ነበር ፎርድሰን ላምባ እንዲያቃጥል ተደርጎ ተሠራ፤ ላምባ ግን ካልሞቀ አይተንም። መኪናው ከትንሽ ታንክ በሚወርድ ቤንዚን ይነሣል፣ የጭስ ማውጫው ግለት ማትነኛውን ካሞቀው በኋላም ባለቤቱ ቧንቧውን ወደ ላምባው ያዞራል። ቸኩሎ ያዞረ እንደ ሆነ ያልተነነው ላምባ በፒስተኑ ዙሪያ እየሰረገ ወደ ዘይቱ ኮፓ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ለጀማሪው ገበሬ እጅግ እንግዳ የሆነ ምልክት ታየ፤ ዘይቱ በመቀነስ ፈንታ ይጨምራል። የማያውቀው ሰው መኪናዬ ዘይት አልበላም ብሎ ደስ ሲለው፣ ዘይቱ በላምባ ቀጥኖ ብረቱን በብረት ያስበላው ነበር። ሥራው ቀሎ ሞተሩ ሲቀዘቅዝም ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ይለብሳሉ፤ እሳቱ በጥቀርሻው በኩል ስለሚያመልጥ መኪናው በእሳት እጦት የታመመ ይመስላል፤ መንሥኤው ግን ነዳጁ ነው። በላምባ ርካሽነት የተገኘው ትርፍ ስንት ጊዜ በዘይትና በብረት ወጪ እንደ ተበላ ያሰላ ቢኖር፣ እኔ እንደምገምተው፣ ብዙው ገበሬ ከስሯል።

አቧራውን ለመከላከል የተሠራው ማጣሪያም የራሱን ችግር ወለደ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በውሃ ውስጥ እየተንቦቀቦቀ ያልፍና አቧራውን እዚያ ይጥል ነበር፤ ውሃውም በየጊዜው መለወጥ ነበረበት። በብርድ ወራት ውሃው ሲረጋ ወይም ጭቃው ሲበዛ አየሩ ይታፈናል፤ አየር ያነሰው ነዳጅም ጥቁር ጭስ እያወጣ ነዳጁንና አየሩን የሚያዋሕደው ካርቡራተር ያለ በደሉ ይከሰሳል። ስለ አነሣሡ ብዙ አልናገርም፤ ማኖቬላ የተባለውን ጠማማ ብረት ከፊት አስገብቶ በክንድ ኀይል ማዞር ነበር፤ የእሳቱን ጊዜ የሚያዘገየውን ዘንግ ሳይመልስ ያዞረ ሰው ሞተሩ ወደ ኋላ ተወርውሮ የእጁን አንጓ ይሰብረው ነበር። አዋቂዎቹ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርገው እንዲይዙ ልጆቻቸውን ያስተምሩ የነበረው ስለዚህ ነው።

በዚህ መካከል የትራክተር ሻጩ ሁሉ ታማኝ አልነበረም። በሚኒያፖሊስ ከተማ የተቋቋመ አንድ ኩባንያ ፎርድ የሚባል ሰው ፈልጎ ስሙን በመኪናው ላይ ለጠፈ፤ ሄንሪ ፎርድም ለገዛ ትራክተሩ ፎርድሰን የሚለውን ስም የመረጠው አስቀድሞ ስሙ ስለ ተያዘበት ነው። የኔብራስካው ገበሬ ዊልሞት ክሮዚየር ያንን የሐሰት ፎርድ ገዝቶ አዘነ፤ ቀጥሎም ቡል የተባለውን ሌላ ገዝቶ ደግሞ አዘነ፤ በሦስተኛው፣ ሩምሊ በተባለው ትራክተር፣ ግን ከተነገረለት በላይ ሲሠራ አገኘው። ይህ ሰው ለግዛቱ ምክር ቤት ተመርጦ ስለ ነበር ቅሬታውን በጠጅ ቤት ወሬ አላስቀረውም፤ በ1919 ማናቸውም ትራክተር በኔብራስካ ከመሸጡ በፊት በዩኒቨርሲቲው እንዲመዘን፣ ሻጩም በግዛቱ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን እንዲያኖር የሚያስገድድ ሕግ አሳወጀ። በ1920 የመጀመሪያው ተመዛኝ ዋተርሉ ቦይ ነበረ። በየምዘናው መዝገብ ላይ ጕልበቱና የጠጣው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን በሙከራው ጊዜ የተደረገው ጥገናና ማስተካከያ ጭምር ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመኪናን ሕማም ከሻጭ አፍ ሳይሆን ከታተመ ወረቀት መረዳት ተቻለ። ስለ ትራክተር ከወጡት ሕጎች ሁሉ ይህን የሚያህል ለገበሬው የጠቀመ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪናዎች የሚንቀጠቀጡትን ሣጥኖች ትተው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ማግኔቶ ያዙ። በ1918 ዋተርሉ ቦይን ይሠራ የነበረውን ኩባንያ የገዛው የጆን ዲር ፋብሪካ ከ1923 እስከ 1953 ያወጣው ሞዴል ዲ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ያለው፣ ከጎኑ የተገለጠውን ቮላኖ በእጅ በማዞር የሚነሣ መኪና ነው። ማግኔቶ በዝግታ ሲዞር እሳቱ ደካማ ስለሚሆን፣ በውስጡ ጠምዘዝ ብሎ ተወጥሮ ድንገት የሚለቅ ሞላ ተጨመረለት፤ ሞላው በለቀቀ ቍጥር ማግኔቱ ይወረወርና ብርቱ እሳት ይወጣል፣ አብሮም ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። እንደ ገና ጆሮ ዳኛ ሆነ፤ ጠቅታው ከጠፋ ያረጀ ዘይት ቈላፊውን አጣብቆታልና በላምባ አጥቦ ማላቀቅ ነው።

ባትሪው የተመለሰው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ፎርድ ከሄሪ ፈርጉሰን ጋር ተስማምቶ በ1939 ያወጣው ናይን ኤን በባለ 6 ቮልት ባትሪ፣ በኤሌክትሪክ ማስነሻው በሞተሪኖና እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተር የሚነሣ ሆነ፤ የተሰበረ እጅም ቀረ። የጦርነቱ እጥረት ባትሪውን ሲነጥቅ፣ በ1942 የወጣው ቱ ኤን ለጊዜው ወደ ማግኔቶና ወደ ብረት ጎማ መመለስ ግድ ሆኖበት ነበር። በእነዚህና በ1947 በተከተላቸው ኤይት ኤን ላይ መሐንዲሶቹ ዲስትሪቢዩተሩን ከሞተሩ ግንባር፣ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ወሸቁት፤ በውስጡ ያለውን፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገጥምና የሚቈርጥ ፑንቲና ለማየት እንኳ ሙሉ ዕቃውን ሁለት ብሎን ፈትቶ አውርዶ በጠረጴዛ ላይ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። እስከ 1950 ድረስ በዚሁ ቈይቶ ወደ ጎን ተዛወረ። ሠሪው ሳይሆን አራሹ ቢጠየቅ ኖሮ ከመጀመሪያው በጎን ይሆን ነበር።

ከእነዚህ መኪናዎች ሕማማት ሁሉ ብዙ መርማሪ ያሳተው አንዱ ነው። ትራክተሩ በማለዳ በደኅና ይነሣል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርሳል፣ ከዚያም ይንተፋተፍና ይቆማል፤ ባለቤቱ ተቈጥቶ ወደ ቤቱ ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ይነሣለታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያው ይደገማል። ይህን ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ መንሥኤዎች ሊያመጡት ይችላሉ። አንደኛው ያረጀ ቦቢና ነው፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ተለጥጦ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ሁለተኛው በነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የመርፌ ዐይን የምታህል የአየር ቀዳዳ በጭቃ መደፈኗ ነው፤ ነዳጁ ሲጎድል በስፍራው የሚገባ አየር ስለሌለ ባዶነቱ ነዳጁን ወደ ላይ ስቦ ይይዘዋል፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ግን አየሩ በጥቂት በጥቂቱ ሰርጎ ይገባና ፍሰቱ ይለቀቃል። የሁለቱ ሰዓት አንድ ስለሆነ በሰዓት አይለዩም፤ ቆይቶ የመረመረም ሰው ምንም አያገኝም፣ ማስረጃው አብሮ ይበርዳልና። ስለዚህ ልምድ ያለው አራሽ ሞተሩ በቆመባት ደቂቃ ከመቀመጫው ሳይወርድ ክዳኑን ይፈታል፤ እስትንፋስ የመሰለ ፉጨት ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ነገሩ አለቀ። ካልሆነ የካንዴላውን ገመድ በደረቅ ጨርቅ ይዞ ከብረቱ ጥቂት ሚሊሜትር አርቆ ሞተሩን ያስዞራል፤ እሳቱ ሰማያዊና የሚንጣጣ ከሆነ ቦቢናው ነጻ ነው፣ ብጫና ሰላላ ከሆነ ተከሳሹ ተገኘ። ብዙ ቦቢና ግን ያለ ዕድሜው የሚሞተው ፑንቲናው እንደ ገጠመ ቁልፉ ተከፍቶ በማደሩ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ሙሉ ያበስለዋል።

በነዳጁ በኩል ያለው ምርመራ ደግሞ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው። ከታንኩ ሥር ትንሽ የመስታወት ብርጭቆ ትንጠለጠላለች፤ ነዳጁ በእርሷ ውስጥ ሲያልፍ ዝገቱና ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥሯ እንደ ዶቃ ተጠራቅሞ በግልጥ ይታያል። ከዚያም የካርቡራተሩ መፍሰሻ ብሎን ተፈትቶ ጣሳ ይደቀናል። ፍሰቱ ሳይቋረጥ ብዙ ደቂቃ ከቀጠለ ሕማሙ ከዚያ ወዲያ፣ በራሱ በካርቡራተሩ ወይም በእሳቱ በኩል ነው፤ በብርታት ጀምሮ ወደ ጠብታ ከወረደ ግን እንቅፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ ከወንፊቶቹ በአንዱ አለ። በኤይት ኤን ላይ ወንፊቶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በታንኩ ውስጥ፣ አንዱ በብርጭቆዋ፣ ሦስተኛው ወደ ካርቡራተሩ በሚገባው ክርን ውስጥ ተሸሽጎ። ይህን ሦስተኛውን ረስቶ አዲስ ካርቡራተር የገዛ ሰው ቁጥር የለውም።

በእንግሊዝ አገር ላምባው በሌላ መልክ ቈይቷል። ፈርጉሰን ከፎርድ ተለይቶ ከ1946 እስከ 1956 በኮቬንትሪ ያሠራው ቲ ኢ 20 ከ500,000 በላይ ተሠርቷል፤ ተራራ ወጪው ኤድመንድ ሂላሪ በጥር 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚህ ትራክተሮች ነው። ቤንዚን ከባድ ቀረጥ ስለ ነበረበት ብዙው ገበሬ የመረጠው የቀረጥ ሸክሙ የቀለለውን የትራክተር ላምባ የሚያቃጥለውን ዐይነት ነበር። የዚህ መኪና ዋነኛ ሕማም መሣሪያው ውስጥ አልነበረም፤ አራሹ ማታ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ቧንቧውን ወደ ቤንዚን መልሶ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ላምባ ማስጨረስ ነበረበት። ይህን የረሳ ሰው በማለዳ ቀዝቃዛ ሞተር በቀዝቃዛ ላምባ ሊያስነሣ እየታገለ ባትሪውን ይጨርስ ነበር፤ ከዚያም ካንዴላ ይለውጣል፣ ፑንቲና ይፍቃል፣ ቦቢና ይከሳል።

ናፍጣ ይህን ሁሉ ክርክር በአንድ ወገን አቋረጠው፤ የታመቀ አየር በገዛ ግለቱ ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ካንዴላና ቦቢና አያስፈልገውም። ሆኖም ሽግግሩ አስቂኝ ነበር፤ በ1935 የወጣው የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የናፍጣ ትራክተር መጀመሪያ በቤንዚን፣ በማግኔቶና በካንዴላ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ ወደ ናፍጣ ይዛወር ስለ ነበር፣ ባለቤቱ የሁለቱንም ዓለም ሕማም ወረሰ። በ1949 የወጣው የጆን ዲር ሞዴል አር ደግሞ ትልቁን ሞተር ለማስነሣት ብቻ የተሠራ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ተሸክሟል።

በአገራችን የትራክተር እርሻ በአዋሽ ሸለቆ፣ በሰቲት ሁመራና በአርሲ የተስፋፋው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው፤ በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም የዚያው ዘመን ነው። ትራክተሩ ያፈናቀለው ጭሰኛ ጕዳይ ራሱን የቻለ ዐቢይ ነገር ስለሆነ እዚህ አልነካውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ማሴ ፈርጉሰኑም፣ በኋላም በናዝሬት የተገጣጠመው ቤላሩስ በናፍጣ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የእኛ ኦፕሬተር የቦቢናውን ዘመን ሳያይ በቀጥታ ወደ ነዳጁ ዘመን መግባቱ ነው። የእርሱ ሕማም አየር ነው። ታንኩ እስኪደርቅ ድረስ የተነዳ ወይም ቧንቧው የላላ ትራክተር አየር ይይዛል፤ ናፍጣ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃልና ፖምፓው በከንቱ ይደክማል። ፈውሱም ታንኩን ሞልቶ፣ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን ትንሽ ብሎን አላልቶ፣ በእጅ ፖምፓው አረፋው እስኪጠፋና ጥሩ ናፍጣ ብቻ እስኪወጣ ድረስ መግፋት፣ ካስፈለገም ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን ቧንቧዎች በተራ ማስተንፈስ ነው።

ስለሆነም አሮጌ የቤንዚን ትራክተር፣ ወይም በዚያው ሥርዐት የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ያለህ አንባቢ፣ ሞተርህ በቆመበት ደቂቃ አስቀድመህ የነዳጁን ክዳን ፍታ፤ ቀጥለህ ክዳኑን መልሰህ ገጥመህ የካንዴላውን እሳት ተመልከት፤ ከዚያ በኋላ፣ እሳት የሚባል ነገር በአጠገብህ ሳይኖርና ሞተሩም በርዶ ሳለ፣ የካርቡራተሩን መፍሰሻ ከፍተህ ፍሰቱን ጠብቅ። እነዚህን ሦስቱን ሳትፈጽም መካኒክ አትጥራ፣ ዕቃም አትግዛ።